ከአያ ሞላ ጋር የበላሁት ሁዳዴ

እርጥብ አሸዋ ሽታ አለው። የወንዝ ዳሩን አይደለም የምለው። ቤት ውስጥ በማሰሮ ተሞልቶ ጠዋትና ማታ ውኃ የሚጠጣውን ነው። ትንሽ የዝናብ፣ ትንሽ የሸክላ ሽታ፤ ትንሽም የመድኃኒት። ለወንድሜ አርባ ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ሽታ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ማሰሮው ከመደቡ ሥር ተቀምጧል። ነካሁት፤ እርጥብ ነው። እታለም እስካሁን ታጠጣዋለች ማለት ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ወንድሜ ሞላ ይባል ነበር። እኔ «አያ ሞላ» እለው ነበር። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱብን እሱና ሚስቱ እናኑ ናቸው ያሳደጉኝ። እሷን «እታለም» እላታለሁ። ቤታችን ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ነው። ስለ አያ ሞላ ብዙ ነገር ልጽፍ አስቤ ነበር። ደብተር ገዛሁ። አልሆነልኝም። ልጀምር ስል የሚመጣልኝ አንድ ሁዳዴ ብቻ ነው። እንግዲህ እሱኑ ልጻፍ።

በሽታው የመጣው ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። አያ ሞላ ውኃ መጠጣት ጀመረ። በጣሳ ቢሆን ደግ፤ እንስራው ነው የሚጎድለው። ይጠጣል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይጠጣል። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ስላስቸገረው እታለም በገመድ አሰረችለት። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ሥር፣ እሱ በሸናበት ቦታ፣ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። ሮጬ ነገርኩት።

«አያ! ጉንዳኖቹ ያንተን ሽንት እየጠጡ ነው!»

«ጠላ መስሏቸው ይሆናላ» ብሎ ሳቀ። እታለም ግን አልሳቀችም። በነጋታው ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

ሲመለሱ ስኳር ነው አሉ። መርፌው ዕድሜ ልክ ነው አሉ። እኔ ዕድሜ ልክ የሚባለውን የማውቀው ሰው ገድሎ የታሰረ ሰው ላይ ነበር። አያ ሞላ ማንን ገድሎ ይሆን እያልኩ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። ስኳሩን ግን በደንብ የገባኝ መሰለኝ። ሰውነቱ ሁሉ ስኳር ሆኗል፤ ጉንዳኑም የመጣው ለዚያ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ ቀስ ብዬ ክንዱን ላስኩት። ጨው ነው።

«እታለም! አያ ሞላ ድኗል! ጨው ሆኗል!»

እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ስቃ ስቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። የሳቅ እንባ ብቻ መስሎኝ ነበር።

መድኃኒቱን ሙቀት ይገድለዋል ተብለዋል። በእኛ መንደር መብራት አልነበረም፤ ፍሪጅ የሚባለውንም በስም እንጂ አናውቀውም። ዘዴውን ያስተማረቻቸው የሆስፒታሏ ነርስ ናት። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ይሞላል፣ ከአሸዋው መሃል ትንሽ ገንቦ ይቀበራል፣ ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ ገንቦዋ ውስጥ ይቀመጣል። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ። «ከደረቀ ይሞታል» ስላሉኝ አንድ የሚተነፍስ ነገር ያለበት መሰለኝ። ውኃውን ካጠጣሁ በኋላ ጆሮዬን ማሰሮው ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር።

አያ ሞላ ዳገት የሚያርስ ጎበዝ ነው። መርፌ ሲያይ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለዚህ የምትወጋው እታለም ናት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር የማነብላት እኔ ነኝ። ሦስታችንም በር ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት እንቀመጣለን።

«አትወራጭ እንግዲህ።»

«ቀስ በይ እንጂ! በሬ መሰልኩሽ?»

«በሬ ቢሆንማ ይቆምልኝ ነበር።»

ከዚያ ቁምጣዬን ሳብ አድርጋ «አንተስ? ልክ ነው ወይ ቁጥሩ?» ትለኛለች። ልክ ነው ስል እንደ ዳኛ ነበር የሚሰማኝ።

ነርሷ ለእታለም ሦስት ጊዜ አስደግማ ያስያዘቻት ነገር ነበር። መርፌውን ከተወጋ መብላት አለበት። ካልበላ ይወድቃል። ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ያለ ምክንያት ሲቆጣ ስኳር ይቅመስ። እታለም ስኳር በፌስታል ቋጥራ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። ስኳር ለታመመ ሰው ስኳር ለምን እንደሚሰጥ አልገባኝም ነበር። የውጪው የውስጡን ጠርቶ ሊያስወጣው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጎረቤት ግን አያውቅም። አያ ሞላ እንዲታወቅበት አልፈለገም። «ገና ጎልማሳ ነኝ፤ ድውይ ተብዬ ልቀመጥ?» ይላል።

እንዲህ እያለን ሁዳዴ ገባ።

የነፍስ አባታችን ቄስ አድማሱ ቤት ድረስ መጡ። እታለም ነግራቸው ኖሯል።

«ጥሉላቱን ጹም። ሰዓቱን ግን ተወው» አሉት።

«በጠዋት ልብላ ነው የሚሉኝ አባ? በሁዳዴ?»

«በጠዋት ብላ።»

«ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጦሙን ሲውል እኔ ላመንዥክ?»

«ፈትቼሃለሁ አልኩህ። ዕዳው በእኔ ይሁን።»

መስቀል ተሳለመ። እሺ አለ። እታለም ጠዋት ጠዋት መርፌውን ወግታ የሽሮ ፍትፍቱን አቅርባለት ወደ ሥራዋ ትወጣለች። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ሳምንት እንዲህ ሆነ። አያ ሞላ ግን በየቀኑ ረፋድ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በሬዎቹንም እኔንም ይቆጣል። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ በሁዳዴ ሲከሳ የእኛ ውሻ መቻል ወፈረ።

«ሞላ» አለችው እታለም አንድ ቀን።

«አቤት።»

«ይኼ ውሻ ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚወፍረው?»

«እኔ ምን አውቄ። አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ ሽሮ ትሠራለች?»

መቻል አፉ በሽሮ ቢጫ ሆኖ በር ላይ ተኝቷል። አያ ሞላ አንገቱን ደፋ።

«አይወርድልኝም እናኑ። ብቻዬን ተቀምጬ… በሁዳዴ… አይወርድልኝም።»

«እኔ አብሬህ ልብላ።»

«አንቺንም ላስገድፍሽ? የእኔ አይበቃም?»

በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው አይወደድም። መንገደኛ እንኳ በደጅ ቢያልፍ «እንብላ» ይባላል። አያ ሞላ ደግሞ በተፈጥሮው አብሮት የሚጎርስ ሰው ከሌለ እጁ ወደ ሳህን አይሄድም። ይህን እታለም ታውቃለች። በነጋታው እጄን ይዛ ወደ ቄስ አድማሱ ሄደች።

«ብቻውን አልበላ አለ፣ አባ። ምን ይሻላል?»

እሳቸው እሷን ትተው እኔን አዩኝ።

«ይህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስምንት ሞልቶታል።»

«ጾም ጀመረ?»

«ጀምሬአለሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

ዘጠኝ ልል ነበር። መስቀላቸውን አየሁና «እስከ ስድስት» አልኩ።

«በል፣ ከነገ ጀምሮ ያንተ ጾም መብላት ነው። ጠዋት ጠዋት ከወንድምህ ጋር ትቀመጣለህ። አንተ ስትጎርስ እሱም ይጎርሳል።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ይደሰት ይሆናል። እኔ እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ። ሰው ልሆን ስል ወደ ሕፃንነት መለሱኝ።

አሁን ሳስበው ግን እነዚያ ጠዋቶች ደስ ይሉ ነበር። በር ዘግተን አንድ ሳህን ላይ እንቀመጣለን። እኔ ካልጎረስኩ አይጎርስም። ስጎርስ ይከተለኛል። «ቶሎ ቶሎ በል፣ ጠላት ሳይደርስብን» ይለኛል በሹክሹክታ። አንዳንዴ አጉርሶኝ አፌ ሲሞላ ስሜን ይጠራኛል፤ «አቤት» ማለት ያቅተኛል። ይስቃል። የበላው ሁሉ ከፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ረፋድ ላይ መንቀጥቀጡም ቀረ።

ችግሩ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዓመት ልጆቹ የሚጾመውን ከማይጾመው የሚለዩት በምላስ ነበር። የጾመ ሰው ምላሱ ደረቅና ነጭ ነው። በዕረፍት ሰዓት ይታየው የሚባል ልጅ ግቢው ውስጥ ካለው ግንድ ላይ ይቆምና እንደ ሐኪም ይመረምረናል።

«ምላስህን አውጣ!»

አወጣሁ።

«ገዳፊ! ከነሽሮው ነው የመጣ!»

ለምን እንደምበላ እንዳልናገር የአያ ሞላ ምስጢር አለብኝ። በነጋታው ከመማሪያ ክፍል ጠመኔ ሰርቄ ምላሴን በደንብ አሸሁትና ሄድኩ። ይታየው ቀረብ ብሎ አየኝ።

«ኧረ ኑ ተመልከቱ! ይኼ ልጅ ሰሌዳ በልቶ መጥቷል!»

ከዚያ ወዲያ ስሜ «ሰሌዳ» ሆነ። ይባስ ብሎ ይታየው ለገዳፊ የሆሳዕና ዕለት የዘንባባ ቀለበት አይሠራለትም ብሎ አወጀ። እሱ የሚሠራው ቀለበት የሚያምር ነበር። እስከ ዓርብ ድረስ አንድ ቀን እንኳ የጾመ ግን ይሠራለታል አለ።

ዓርብ ደረሰ። ዓርብ ደግሞ ገበያ ነው። እታለም አህያ ጭና ከጎረቤት ሴቶች ጋር በማለዳ ወደ አርብ ገበያ ልትወርድ ነው። መርፌውን ወጋችው፤ ቁጥሩን አነበብኩላት። ምግቡን አቅርባ ከደነችው። «ፀሐይ ሳይበረታ ብሉ፤ አደራ» አለችኝ። ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነው ያለችው።

እሷ እንደወጣች ሳህኑን ከፍቼ የድርሻዬን ቂጣ አነሣሁና ደብተሬ መሃል አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ረፍዶብኛል አያ። እየሄድኩ እበላለሁ።»

«እኔስ ከማን ጋር ልብላ?» አለኝ እየሳቀ።

ቦርሳዬን አነገትኩ። ትንሽ አየኝ።

«በል ሂድ እሺ። እኔም እበላለሁ።»

ከበሩ ስወጣ ዘወር ብዬ አየሁ። የተከፈተውን ሳህን መልሶ ሲከድን አየሁት። አይቼ ሄድኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ነው የምጽፈው።

በዕረፍት ሰዓት ይታየው ምላሴን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬስ ሰው ሆንክ» አለኝ። ልጆቹ ጀርባዬን መቱኝ። ደስ አለኝ። ሆዴ ይጮሃል፤ ደስ ብሎኛል። ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ማሳችን ከሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የበልግ ዝናብ ጠብ ብሎ ስለነበር አያ ሞላ ለገብስ ሊያርስ ወጥቷል። ወደዚያ ተመለከትኩ። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ከማሳው መሃል ቆመዋል። ሰው የለም።

ትንሽ ጠበቅሁ። በሬዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

ሮጥኩ። ይታየውና ሌሎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተከተሉኝ።

አያ ሞላ ትልሙ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ተነክሯል። አፈሩን እየመታ በሬዎቹን ይቆጣል፤ ቃሉ ግን የተያያዘ አልነበረም። ጎረቤታችን አያ ቢተው ከጎን ካለው ማሳ ደርሶ ትከሻውን ይዞታል።

«በስመ አብ በሉ! ጸበል አምጡ! ይህ ጋኔን ነው!»

«ጋኔን አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ስኳር ነው! የስኳር በሽታ አለበት!»

ምስጢሩ ወጣ። ግን ወዲያው ኮቱን ከቁጥቋጦው ላይ አንስቼ ከኪሱ የተቋጠረውን ስኳር አወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ አያ ቢተው እጄን ይዞ።

«ስኳሩን ላቀምሰው።»

«ስኳር የያዘውን ሰው ስኳር? አንተ ልጅ ልትገለው ነው?»

«እታለም ናት ያለችው! ነርሷ ናት ያለቻት!»

አያ ቢተው ለአፍታ አየኝና እጄን ለቀቀው። ስኳሩን ወደ አያ ሞላ አፍ አቀረብኩ። ጥርሱን ነክሶ ፊቱን አዞረ።

«ጾም ነው… ሰዓት አልደረሰም…»

አያ ቢተው አገጩን ይዞ ሊከፍተው ሞከረ፤ አልቻለም። እኔ እያለቀስኩ ነው። የቄስ አድማሱ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከፊቱ ተንበረከክሁ።

«አያ። እየኝ። እኔም እየበላሁ ነው።»

ይታየውም ልጆቹም ከበውን ቆመዋል። ስኳሩን በእፍኜ ቅሜ ምላሴን እስከ ጫፉ አወጣሁለት። ነጩን እንዲያየው። አየኝ። ረጅም ጊዜ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

አንድ ጊዜ አቀመስኩት፣ ሁለት፣ ሦስት። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሱ። ከዚያ ከቦርሳዬ ቂጣውን አውጥቼ ቆረስኩት። ግማሹን ሲጨርስ ላቡ ቆመ። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ።

«ይኼ ሁሉ ልጅ ምን ይሠራል? ትምህርት የለም እንዴ?»

አያ ቢተው መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«ሞላ፣ ይህን ነገር ከእኔ ደበቅኸው?»

«ምን ብዬ ልንገርህ፣ ቢተው?»

እታለም ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታ አህያውን እየነዳች በሩጫ ቤት ደረሰች። ትገርፈኛለች ብዬ ከማሰሮው ኋላ ተደብቄአለሁ። እሷ ግን ወደ እሱ ነው የሄደችው። ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«ብትሞት ኖሮ ይህን ልጅ ምን ልታደርገው ነበር?» አለችው፤ ድምጿን ሳትጨምር። «ዕድሜውን ሙሉ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ሲል ይኑር?»



«እውነትሽን ነው» አለ አያ ሞላ። «እጄን ያሰረው የለም። መብላት ነበረብኝ።»

ሰኞ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። አያ ቢተው ነው፤ የአራት ዓመት ልጁን ማሬን እሽኮኮ አድርጓታል።

«ይቺ አትጾምም» አለ ዓይኑን ወደ ጣሪያው እያደረገ። «እኛ ቤት ብቻዬን አልበላም እያለች ታስቸግራለች። እባካችሁ እንብላ በሏት።»

ማሬ ከአባቷ ትከሻ ወርዳ በቀጥታ ወደ ሳህኑ ሄደች። አንበጣ በሏት። የእኔን በላች፣ የአያ ሞላን ጀመረች።

«ቢተው» አለ አያ ሞላ፣ «ይቺን ልጅ ያመጣሃት ልታድነኝ ነው ወይስ በረሃብ ልትገለኝ?»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ትመጣ ነበር። እታለም «እንግዲህ ማሬ አለችለት፤ ከፈለግህ አንተ ጹም» አለችኝ። ነገ እጀምራለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። ትምህርት ቤትም ምላስህን አውጣ ያለኝ የለም።

ስቅለት መጣ። አያ ሞላ ሲነጋ ተነሥቶ ነጭ ለብሶ ተቀመጠ።

«ዛሬን ተዉኝ» አለ። «መርፌውንም ምግቡንም። ዛሬ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነው።»

እታለም መርፌውን እንደያዘች ከፊቱ ቆመች።

«መርፌው ከቀረ ትሞትብኛለህ። መርፌው ከገባ ትበላለህ። ይኸው ነው።»

ክንዱን ሰጣት። ከእኔ ጋር ጥቂት ጎረሰና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። እሱ ከወንዶቹ ጋር፣ እታለም ከሴቶቹ ጋር፣ እኔ ከእሷ አጠገብ። ቅጥር ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ይወድቃል፣ ይነሣል። አያ ሞላም ይወድቃል፣ ይነሣል። እኩለ ቀን ሲቃረብ እሱ ከሌሎቹ ዘግይቶ መነሣት ጀመረ። እታለም ከሩቅ አየችው። ወደ ወንዶቹ መሄድ አትችልም። ከነጠላዋ ሥር ቂጣና ስኳር አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ።

«ሂድ። አብረኸው ብላ።»

በሰጋጆቹ መሃል ተሹለክልኬ ደረስኩ። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«አያ።»

«እዚህ አይሆንም» አለኝ። «ሰው ሁሉ… ዛሬ… አይሆንም።»

ግን አልተቆጣኝም። ተነሥቶም አልሰገደም። ቂጣውን ያያል፣ ሰዉን ያያል፣ እኔን ያያል። ያኔ አያ ቢተው ከስግደቱ ተነሥቶ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። በሁለት እጁ ዘረጋና በእኛ ፊት መጋረጃ አደረገው። ከኋላችን ያለ አንድ ሽማግሌም የራሱን ዘረጋ። ሌላውም እንዲሁ። ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳዞሩ ነው፤ ወደ እኛ አላዩም።

ውስጡ ነጭ ብርሃን ሆነ። አያ ሞላ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ከጉልበቱ ሥር። መጀመሪያ ስኳሩን ቃምን። ቂጣውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።

«ብላ» አለኝ።

«አንተ ብላ።»

«እኔ እኮ የምበላው አንተ እንዳይርብህ ብዬ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

አመንኩት። በእኔ ምክንያት ከስግደቱ እንዳይዘገይ ብዬ ቶሎ ቶሎ አላመጥኩ። እሱም እኔን ተከትሎ አላመጠ። ከጋቢው ውጪ ኪርያላይሶን ይባላል። እጁ መንቀጥቀጡን ሲተው አየሁ። ቂጣው ሲያልቅ አያ ቢተው ጋቢውን ሊያወርድ አለ። አያ ሞላ «ቆይ» አለው፤ ፍርፋሪ እንዳይታይብኝም በእጁ ጀርባ አፌን ጠረገልኝ።